ስለ ሻይሽ ሳልናገር ያስቀረሁት

ለውድ ባለቤቴ ለዘሃራ፤

አላህ ማረፊያሽን ያስፋልሽ። ከተለያየን ዘጠኝ ወር ሞላን። በእነዚህ ወራት መቃብርሽ ዘንድ እየመጣሁ ዱዓ ሳደርግልሽ ቆይቻለሁ። እዚያ ቆሜ ልነግርሽ ያልደፈርኩት አንድ ጉዳይ ግን አለ። ስለዚህ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ በጽሑፍ አቀርብልሻለሁ። ደብዳቤውን የሪያድ ወገኖቻችንም እንዲያነቡት ፈቅጃለሁ፤ ጉዳዩ የእነርሱም ነውና።

አስቀድሜ ስለ ቤታችን ልንገርሽ። ራውዳ ሰፈር ያለው አፓርታማችን እንደ ነበረ ነው። በረንዳው ላይ የተከልሽው ናዕናዕ፣ እኛ ናና የምንለው፣ ግን የመጀመሪያውን በጋ አላለፈም። በቀትር ውሃ ሳጠጣው ሥሩን ቀቅዬው ኖሯል። ይህን የነገረችኝ ሰዓዳ ናት፤ ነሲም ሰፈር በአንድ ትልቅ ቤተሰብ ቤት የምትሠራው፣ ፈቃድ ባገኘች አርብ ሁሉ ማድቤታችን ውስጥ ከአንቺ ጋር የምትውለው ሰዓዳ። አሁን አዲስ ተክዬ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አጠጣለሁ።

የሳምንቱን ምግብ ያቀድሽበት የመጨረሻው ወረቀትም በፍሪጁ በር ላይ እንደተለጠፈ ነው። ቅዳሜ ምስር ከቀይ ሥር ጋር፣ እሑድ ዓሣና ጎመን፣ ሰኞ የገብስ ሾርባ፣ ማክሰኞ ሽምብራ በስፒናች... እኔ ሌላ ዕቅድ ማውጣት ስላልሆነልኝ፣ ለብዙ ወር ያንኑ አንድ ሳምንት ስደጋግም ከርሜ ነበር። አንድም ሰኞ ከገብስ ሾርባ አላመለጥኩም ነበር። ብታዪኝ ኖሮ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂብኝ ነበር።

ሐኪሙ ስኳር እንዳለብኝ የነገረኝን ቀን ታስታውሺያለሽ? እኔ እንደ ፍርድ ሰማሁት። አንቺ ግን በመኪናችን ስንመለስ የትራፊክ መብራት ላይ እንደቆምን፣ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የሚጣፍጥ ነገር በደንብ መፈለግ ነው» አልሽ። የሚከለከለውን ሳይሆን የሚጣፍጠውን። ሕይወቴን ያተረፈው ይህ አስተያየትሽ ይመስለኛል። በሚቀጥለው አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የተማሪ ደብተር ይዘሽ ማድቤት ገባሽ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአርብ ከሰዓት የዕቅድ ሰዓት ሆነ። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እኔ እከራከራለሁ። አንድ ጊዜ ጎመኑ ለምን በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚመጣ ተቃውሞ ባቀርብ፣ በወገኖቻችን ኮሚቴ ሹመቴ እየቀለድሽ፣ «ሊቀመንበር ሆይ፣ ይህ ስብሰባ አይደለም፤ ጎመን ነው። ድምፅ አይሰጥበትም» ብለሽ ዘጋሽኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ባቄላውን፣ ምስሩንና ሽምብራውን ቀቅለሽ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍለሽ ታቀዘቅዢው ነበር፤ በሥራ የደከምን ቀን የምግብ ቤት ሩዝ እንዳያታልለን። ሳህኔ ላይ በማንኪያ ጫፍ መስመር ታሰምሪ ነበር፦ ግማሹ ቅጠላ ቅጠል፣ ሩቡ እህል፣ ሩቡ ጥራጥሬ ወይም ሥጋ። ካብሳ የሚሉት የሥጋ ሩዝ የሚቀርብበት ግብዣ ሲኖርብኝ አስቀድመሽ ሾርባና ሰላጣ ታበዪኝና፣ «እዚያ በዓይንህ ብላ፣ በአፍህ እዚህ ጨርሰሃል» ብለሽ ትሸኚኝ ነበር። ጋባዦቼ ምግባቸውን የናቅሁ እየመሰላቸው ሲጨነቁ፣ እኔ ከልቤ ጠግቤ እቀመጥ ነበር።

በትልቁ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሱፐር ፉድ» የሚል ጽሑፍ ያለበት መደርደሪያ ያገኘንበትን ቀንም አልረሳውም። በአንዲት ትንሽ የሚያብረቀርቅ ብልቃጥ ውስጥ አረንጓዴ ዱቄት አየሽ። ገልብጠሽ ስታነቢው ከደቡብ የመጣች ጎረቤታችን በፌስታል እያመጣች የምትሰጥሽ የሽፈራው ቅጠል ሆኖ ተገኘ። «እይልኝ፣ አቶ ሽፈራው ሪያድ ገብተው ክራቫት አስረዋል» ስትይ፣ አጠገባችን የቆመው ሰው ሳይገባው ከእኛ ጋር ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት «አቶ ሽፈራው ደርሰዋል» እያልሽ ነበር ሻዩን የምታቀርቢልኝ። ጠዋት ሽፈራው ከዝንጅብል ጋር፣ ከምሳ በኋላ የቀዘቀዘ የከርከዴ አበባ፣ ወደ ማታ ናዕናዕ ወይም ጦስኝ። በአንዱም ውስጥ ስኳር አይገባም። ይህ በቤታችን የታወቀ ስለነበረ፣ በወረቀትሽ ላይ አንድ ቀን እንኳ አልጻፍሽውም።

ከሻዩ ጋር ደግሞ ኪኒኔ ነበረ።

ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤ ለመጀመር ዘጠኝ ወር የፈጀብኝ። ስኳር እንዳለብኝ ማንም እንዳያውቅ አጥብቄ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። ሳሎናችን እንግዳ ሞልቶ የመድኃኒቴ ሰዓት ሲደርስ፣ «ስልክ ይፈልግሃል» እያልሽ ወደ ማድቤት ትጠሪኝ ነበር። እንግዶቹ ከትልቅ ቦታ የተደወለ ይመስላቸው ነበር፤ እኔ ደግሞ ኪኒኔን በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውጬ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ እመለሳለሁ። አንቺ ደስ ብሎሽ አላደረግሽውም። «ምንድን ነው የምትደብቀው? ሰርቀህ አልታመምክ» ያልሽኝ ዛሬም በጆሮዬ ነው። እኔ ግን በወገኖቻችን ዘንድ ሕመም እንዴት እንደሚደበቅ አውቅ ነበር። ሠራተኛው አሠሪው እንዳይሰማ ይደብቃል፣ እናት ልጆቿ አገር ቤት እንዳይሸበሩ ትደብቃለች። ሽማግሌ የተባልኩት እኔ ደግሞ ቃሌ እንዳይቀልብኝ ደበቅሁ።

ካረፍሽ በኋላ ለሶደቃሽ ኢስትራሓ የሚሉትን የመሰብሰቢያ ግቢ ተከራይተን ተሰበሰብን። ያን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ማድቤትሽ ድረስ መጥተው ሻይ የጠጡ፣ ባቄላ አቀቃቀል የተማሩ፣ የደብተርሽን ገጽ በስልካቸው ፎቶ ያነሡ ሴቶች ሁሉ መጡ። ስለ አንቺ እንድናገር ተጠየቅሁ። ልቤ ሞልቶ ስለነበረ ዕቅድሽን፣ ሳህኑን፣ ቅጠሎችሽን ሁሉ አወሳሁ፤ በመጨረሻም፣ «እኔ ዛሬ በእግሬ ቆሜ የምታዩኝ በዘሃራ ሻይ ነው» አልኩ። ስለ ኪኒኑ ምንም አላልኩም። በአንቺ ሐዘን መካከል ቆሜ እንኳ ምሥጢሬን እጠብቅ ነበር።

አንድ ሰው ንግግሬን በስልኩ ቀድቶት ኖሯል። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሪያድ ወደ ጂዳ፣ ከጂዳ ወደ ደማም ከስልክ ወደ ስልክ ሄደች። «የሐጂ ሻይ» የሚል ስምም ወጣላት። ያንቺ ስም እንኳ ቀርቶባት ነበር። እኔም፣ ልዋሽሽ አልችልም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰዎች ከመስጊድ ስወጣ እያቆሙ ሲጠይቁኝ፣ አንቺ በየቤቱ የገባሽ መስሎኝ አመሰግናቸው ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ከአሱር ሶላት ስመለስ ሰዓዳ ደወለች። ድምፅዋ አልታወቀኝም።

«ሐጂ፣ አብዱ ወደቀ። ሥራ ላይ እያለ ወደቀ። ኪኒኑን ትቶት ነበር አሉኝ። ወላሂ እኔ ነኝ፤ የእርስዎን ድምፅ የላክሁለት እኔ ነኝ።»

አብዱን ታውቂዋለሽ፤ የሰዓዳ ታላቅ ወንድም፣ በግንባታ ሥራ የሚተዳደረው፣ ዑድ ሰፈር ውስጥ ከአምስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል የሚጋራው። ስኳር እንዳለበት እኔ አላውቅም ነበር። እርሱም እንደ እኔ ደብቆ ነበርና።

ሆስፒታል ስደርስ ነቅቶ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቆ፣ ክንዱ ላይ መርፌ ተሰክቶ። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ።

«ለምን ደከሙ ሐጂ?» አለኝ። ከዚያም እንደ ጥፋተኛ ዓይኑን ሰብሮ፣ «ሻዩን አላቋረጥኩም ወላሂ። ጠዋትም፣ ቀንም፣ ማታም ነው የምጠጣው። ቅጠሉን አሳንሼው ይሆን?» አለኝ።

ዘሃራ፣ ብዙ ዓመት የሰው አቤቱታ ስሰማ ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምቼ አላውቅም። በእኔ ቃል ሞት አፋፍ የደረሰ ሰው፣ ጥፋቱ የእርሱ እንደሆነ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር። ከአልጋው ሥር ወደ ሥራ ይዞት የሚሄደው ትልቅ ፔርሙዝ ነበረ። ከፍቼ አሸተትኩት፤ ሽፈራውና ዝንጅብል ነው።

«ስኳር ትጨምርበታለህ?» አልኩት።

«ያለ ስኳርማ ሻይ እንዴት ይጠጣል ሐጂ? ብዙም አይደለም፤ ለአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ።»

የማንን ስሕተት ልቁጠር? እኛ ሻይ ስንል ስኳሩ አብሮ እንዳለ የማያውቅ ሐበሻ የለም። ያለ ስኳር መሆኑን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ኪኒኑማ እጁ ላይ ነበረ፤ ክፍሉ ውስጥ ትራሱ ሥር፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ። ጣለው ባልለውም፣ ሐጂ ያለ ኪኒን በሻይ ብቻ ድነው ቆመዋል ብሎ አምኖኛል።

አላህ ይመስገን አብዱ ከአደጋው ወጣ። የዓይኑ ብርሃን ግን ደክሟል፤ ሐኪሞቹ ጊዜ ይጠይቃል ይላሉ። እስኪሻለውም ድረስ መሰላል ላይ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ለእርሱ ሥራ ማለት ደግሞ መሰላል ነው።

እንግዲህ እውነቱን በአደባባይ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርኩም። የኮሚቴያችን ጸሐፊ ቤቴ መጥቶ፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ሻዩን አመሰገኑ እንጂ መድኃኒት ጣሉ አላሉም። አብዱም ድኗል፣ አልሐምዱሊላህ። ኸላስ፣ ይተውት፤ ስምዎን ለምን ያጎድፋሉ?» አለኝ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። እኔም ተደገፍኩበት። ለሁለት ሳምንት ያህል ደጄ ድረስ የመጣልኝን ያን ሰበብ ይዤ ኖርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከዙሁር ሶላት በኋላ ጫማዬን ሳደርግ አንድ የማውቃቸው አባት ትከሻዬን ያዙኝ። ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ሐጂ፣ እድሜ ይስጥዎ። ባለቤቴን ያንን የግፊት ኪኒን አስጥዬ ሻይዎን አስጀመርኳት!»

እጄ ጫማው ላይ ቀረ። «መቼ?» አልኳቸው። «ትናንት» አሉኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ወደ ቤታቸው አስደወልኳቸው። ባለቤታቸው ስልኩን ሲያነሡ፣ እኔው ራሴ ኪኒናቸውን አሁኑኑ እንዲውጡ፣ ነገም ሐኪማቸውን እንዲጠይቁ ለመንኳቸው። ሴትዮዋ ግራ ገብቷቸው፣ «ታዲያ እርስዎ አይደሉ በሻይ የዳኑት?» አሉኝ። «አይደለሁም እህቴ» አልኩ። ሰውየው አጠገቤ ጫማቸውን በአንድ እግራቸው አድርገው ቀሩ። ቃሉ ከአፌ የወጣው በዚያ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመስጊድ ደረጃ ላይ።

በተከታዩ አርብ ወገኖቻችን በተሰበሰቡበት ኢስትራሓ ተገኘሁ። ስለ አንቺ በተናገርኩበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ከኪሴ የኪኒኑን ሽፋን አወጣሁ፤ አንዱን ፍሬ ፈልቅቄ በፊታቸው ዋጥሁት፤ ውሃም ጠጣሁበት። ከዚያ ስኳር ካገኘኝ ዓመታት ማለፋቸውን፣ መድኃኒቴን አንድ ቀን ሳላቋርጥ መውሰዴን፣ ማድቤት ውስጥ ይፈልገኝ የነበረው ስልክ ምን እንደነበረ፣ በሶደቃሽ ቀን ግማሹን ብቻ መናገሬን፣ በዚህም አንድ ወንድማችን ሊሞት መድረሱን አስረዳሁ። አብዱ እንድጠራው ስላልፈቀደልኝ ያን ዕለት ስሙን አላነሣሁም። እርሱ ግን ከኋላ ተቀምጦ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ሐጂ፣ አሁን ይጥሩኝ፣ ስሜን ይጻፉት፤ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ።»

ስሜ ከእጄ ሲወጣ የተሰማኝ መሰለኝ። ከሴቶቹ በኩል ግን አንዲት እናት ቦርሳቸውን ከፍተው፣ «ሐጂ፣ እኔም አለኝ» ብለው የራሳቸውን ሽፋን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሌላው ተከተለ፦ «የእኔ የግፊት ነው። ካልሲዬ ውስጥ ነው የምደብቀው።» አጠገቡ ያለው ጓደኛው፣ «ለካ ይህ ሁሉ ሽታ መድኃኒት ኖሯል!» ሲለው ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። በዚያ ሳቅ መካከል ስንት ሽፋን ከኪስና ከቦርሳ እንደወጣ ብታዪ! አንድ ወጣት ደግሞ ተቆጥቶ፣ «ታዲያ ሐጂ፣ ያንን መራራ ቅጠል በከንቱ ነው የጠጣነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

በከንቱ እንዳልሆነ ነገርኩት። አንቺ ሻዩን መድኃኒት ብለሽ አታውቂም፤ ከስኳር ሻይና ከለስላሳ የሚያድን የሚጣፍጥ ነገር ነበር የምትይው። ቅጠሉ ከኪኒን ጋር የማይስማማበት ጊዜ ስላለ ሐኪም መጠየቅ ግድ እንደሆነ፣ አንቺም የእኔን ሐኪም ሳትጠይቂ አዲስ ቅጠል ቤት እንዳላስገባሽ ተናገርኩ። ይህንንም ከዚያ በፊት ለማንም አልነገርኩም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አርብ ከሰዓት ዑድ እሄዳለሁ። አብዱና አምስቱ ጓደኞቹ በአንድ ድስት ነው የሚበሉት፤ በየቀኑ ሩዝና ዶሮ። የመጀመሪያውን ዕለት ወረቀት ዘርግቼ ስቀመጥ፣ የክፍሉ አብሳይ፣ «ሩዝ ከሌለ ምሳ ነው አይባልም ሐጂ» ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። እኔም ያንቺን ስልት ተጠቅሜ፣ ሩዙን አልከለከልኩም፤ የሚጣፍጠው ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሽምብራ በቲማቲም እንደሚችልበት አመነ። ማክሰኞ የእርሱ ቀን ሆነ። ሐሙስ ምስር፣ ሰኞ ከዓሣ ገበያ ሰርዲን፣ በየምሳው ጎመን ወይም ጅርጅር የሚሉት የሰላጣ ቅጠል። ሩዙ ወደ ሩብ ሳህን ተሰደደ። ስድስቱም እየተከራከሩ ሳምንቱን ጨረስን፤ እኔም ቤቴ ስመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ አዲስ ሳምንት ጻፍኩ። ሰኞ የገብስ ሾርባ የለበትም፤ ይቅር በይኝ።

አብዱ አሁን ፔርሙዙን ያለ ስኳር ይሞላል። «እንደ ቅጣት ነው የሚጣፍጠው» ይላል። ኪኒኑን የምግብ ሰዓት ሲደርስ አምስቱም ያስታውሱታል፤ መደበቂያ አሳጥተውታል። አሠሪው መሬት ላይ የሚሠራ ሥራ ሰጥቶታል። ዓይኑ እየተሻለው ነው፤ ሙሉ በሙሉ ይመለስ እንደሆን ግን ገና አልታወቀም። ስለዚህ ይቅርታውን ሰጥቶኛል ብዬ አልተዝናናሁም። ሰዓዳም ትመጣለች፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያልኩ ብዙ ጊዜ ነግሬአታለሁ፣ ገና በሙሉ አላመነችኝም።

አንድ ጊዜ፣ «እንዳትሞቺ ነው እንዲህ የምትበዪው?» ብዬ ብቀልድብሽ፣ ላለመሞት ብለሽ እንደማትበይ ነግረሽኝ ነበር፤ እስካለሽ ድረስ ደህና ሆነሽ ለመኖር እንጂ። ከእኔ ቀድመሽ ስትሄጂ፣ ይህን ሁሉ ጥንቃቄሽን ምን ጠቀመሽ ብዬ አላህ ፊት ያማረርኩበት ሰዓት ነበር። አሁን አላማርርም። አብረን የበላንባቸው ዓመታት ጥሩ ነበሩ።

የቀድሞው ድምፄ ግን ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። መልሼ ልሰበስበው አልችልም። አዲስ ቀድቼ ልኬያለሁ፤ እውነት ግን ወሬውን ያህል አይሮጥም። ትናንት ከደማም አንዲት እህት ደውላ፣ ድምፅዋ ተስፋ ሞልቶት፣ «የሐጂን ሻይ አሠራሩን ይንገሩኝ» አለችኝ። መጀመሪያ፣ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቅኋት። ቀስ ብላ፣ «አለ፤ ለማንም አልነገርኩም» አለች። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አወራን፤ ስለ ሻዩ የነገርኳት መጨረሻ ላይ ነው።

ዘሃራዬ፣ የገባሁልሽ ቃል ይህ ነው። ያ ድምፅ በዞረበት ሁሉ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከኋላው እሄዳለሁ። ስምሽን በጠራሁ ቁጥር ቅጠሉን ከነኪኒኑ፣ ጥበብሽን ከነጥንቃቄሽ፣ ደግነትሽን ከነእኔ ጥፋት አብሬ እናገራለሁ። ከእንግዲህ በግማሽ አላስታውስሽም።

ባለቤትሽ
ሪያድ፣ ራውዳ